በልክ የተሰፋ አውሬ

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ልደብቃችሁ ፈልጌ አይደለም። ስም ይውጣላት ተብሎ ሦስት ጊዜ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ሦስቱንም ጊዜ ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ተበትኗል። ነዋሪዎቿ «እዚህ» ይሏታል፤ የሌላ አገር ሰዎች «እዚያ» ይሏታል፤ በዚህ የተነሳ መንገድ የጠፋበት ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

እኔ የከተማዋ አጫዋች ነበርኩ። ሥራው እንዲህ ነው። አምስት ስድስት ሰው ገበታ ከብቦ ይቀመጣል። እያንዳንዱ የራሱ ጀግና አለው፤ ጀግናው በአካል የለም፣ ያለው በወሬ ነው። አጫዋቹ «ገደል አፋፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ከዋሻው ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ይሰማል» ይላል። ተጫዋቹ ጀግናው ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ከዚያ ስድስት ፊት ያላት የአጥንት ዕጣ ትጣላለች። ዕጣዋ ከፍ ካለች ጀግናው ይመታል፤ ዝቅ ካለች ጀግናው ይመታል። ሁለቱ ሲጻፉ አንድ ስለሆኑ ከከተማዋ መዝገብ ማን ማንን እንዳሸነፈ አይታወቅም፤ ስታነቡት አንዱን አላልታችሁ ሌላውን አጥብቁት። አውሬዎቹን ሁሉ የምሆነው እኔ ነበርኩ።

የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላችሁ ይሆናል። በከተማዋ ግን በጉባኤ መናገር የሚችለው ጀግናው በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው። ጀግናው የሞተበት ዓመት ሙሉ ዝም ይላል። አባቶች ይህን ሥርዓት ያወጡት፣ ከአውሬ አፍ ማምለጥ ያላወቀ ሰው ስለ መንገድና ስለ ውሃ ምን ያውቃል ብለው ነው አሉ። አጫዋቹ ደግሞ ከነጭራሹ ጀግና የለውም፤ ለአውሬ የሚናገር አፍ ለሰው አይናገርም ተብሎ። ስለዚህ እኔ ሠላሳ ዓመት ጉባኤ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ሰው ሲናገር ስሰማ ኖርኩ። አልከፋኝም። ዝም ያለ ሰው ተሳስቶ አያውቅም።

የሙያው ጭንቅ ማመጣጠን ነው። አውሬው ከቀለለ ተጫዋቹ ያዛጋል፣ ከከበደ ጀግናው ይሞታል። እኔ አውሬውን አይቼ አላውቅም፤ የማየው የተጫዋቹን እጅ ነበር። ካዛጋ ዋሻው ውስጥ ሁለተኛ ጅብ እጨምርለታለሁ። ዕጣዋን ጨምቆ በላብ ካጠመቃት ደግሞ ጅቡ ድንገት ያነክሳል። ጅቡ ለምን አነከሰ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ የተረፈ ሰው ምክንያት አይጠይቅም። ሳቁንም እንዲሁ ነበር የማመጣጥነው። ጀግና የተቀበረበት ገበታ ላይ መንገድ የጠፋበት አህያ አስገባለሁ፤ ሳቁ ሲበዛ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነፋሱ ቆመ እላለሁ። ሳቅ እንደ ጨው ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም የሚታማው ወጥ ሠሪው ነው።

ችግሩ የመጣው በዶሮ ነው።

የከተማዋ የበላይ «አውራ» ይባላል። በእኔ ጊዜ አውራ ዳኘው ነበሩ፣ ከሌላ አገር በጎልማሳነታቸው መጥተው የተሾሙ ግዙፍ ሰው። ጀግናቸው ዘጠኝ ዘንዶ ገድሏል፤ ዘጠኙንም በየጊዜው ከመጀመሪያው ጀምረው ይተርኩልን ነበር። አንድ ቀን አምስተኛው ዘንዶ ላይ ሲደርሱ ገበታው በሙሉ አዛጋ። ነገሩን ላቅልል ብዬ መንገዱ ላይ አንድ አውራ ዶሮ አቆምኩ። አውራ ዳኘው «በእርግጫ እለዋለሁ» አሉና ዕጣ ጣሉ፤ አንድ ወጣ። ለዶሮው ጣልኩ፤ ስድስት። እንደገና ጣሉ፤ አንድ። ለዶሮው፤ ስድስት። ዶሮው የጀግናውን የእግር ደም ሥር ወጋው፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ደሙ አለቀ። አውራውን አውራ ዶሮ ገደላቸው ማለት ነው። ገበታው ላይ የነበረ ሁሉ ሳቀ። አዋላጇ እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ቀን ተቀምጦ የአውራው ጀግና አልሞተም፣ ነገሩን እያሰበበት ተጋድሟል ሲል ወሰነ። ቀጥሎም እንዲህ ያለ አደጋ እንዳይደገም ሁለት መስመር አዋጅ ወጣ። አንደኛ፣ ማንኛውም አውሬ በተጫዋቹ ልክ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሳቅም በልክ ይሁን።

አዋጁን ስሰማ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሥራ በመጨረሻ ማኅተም አገኘ ብዬ ነበር። ግን አዋጅ ያለ ሹም አይኖርም፤ ልክ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ተባለ። ጸሐፊው እንግዳሸት ከተማዋን ዞሮ ዞሮ ልክን ሙያዬ ብሎ የያዘ አንድ ሰው ብቻ አገኘ። ሰፊው ክንዴ ነው። በሩ ላይ «በልክ እንሰፋለን» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ክንዴ የልክ ሹም ሆነ።

ስለ ክንዴ ክፉ አልናገርም። ሐቀኛ ሰው ነው፣ እንዲያውም ከሐቀኛ በላይ ነው። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን ሜትር ይዞ ከተማውን ቤት ለቤት እየዞረ ለካው። ቁመት፣ ወገብ፣ ደረት፣ የክንድ ርዝመት። ከዚያ አውሬው በተጫዋቹ ልክ ይዘጋጃል፤ አንድ ሜትር ከሰባ ለሆነ ሰው አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ አውሬ፣ ወገቡም እንደ ወገቡ። መምህር ጌጤነህ የሚባሉ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ በጠባያቸው ዝንብ አይገድሉም። በቁመታቸው ልክ የሚገኝ ቀጭን አውሬ የቀጭኔ ግልገል ብቻ ሆነ፤ ጀግናቸው ልምታው ወይስ ላባብለው ሲል በግልገሉ እርግጫ ሞተ። ሥጋ ሻጩ ወገበ ሰፊ ስለነበር ከራሱ በሬ ጋር ተጋጠመ፤ በሬው አሸነፈ። አንዲት ድንክ ሴትዮ ደግሞ፣ ነብር ቢመጣባት ጆሮውን ይዛ የምትጎትት ደፋር፣ በየሳምንቱ ድመት እየቀረበላት ሰልችቷት ጀግናዋን ራሷ ከገደል ጣለችው።

ሕዝቡ ሞኝ አይደለም። አጭር ሰው ትንሽ አውሬ እንደሚደርሰው ሲገባው መጎንበስ ጀመረ። መጀመሪያ በልክ ቀን ብቻ ነበር፤ በኋላ ሰላዮች አሉ ስለተባለ በመንገድም፣ በገበያም፣ በሠርግም ሆነ። አንድ እንግዳ ነጋዴ በዚያ ወራት በከተማዋ ሲያልፍ፣ ሕዝቡ ሁሉ የወደቀበትን ነገር እየፈለገ መስሎት አብሮ ሲፈልግ ዋለ አሉ። አውራ ዳኘው ግን እንደ ተራ ሰው አልጎነበሱም። ለክብራቸው በጀርባቸው ተንጋለው ተለኩ። ከወለሉ እስከ ሆዳቸው ጫፍ አርባ ሳንቲም ሆኑ። ክንዴ ሜትር አይዋሽም ብሎ አርባ ሳንቲም ጻፈ፤ በልካቸው እንሽላሊት ቀረበላቸው። በየዓርቡ አንድ እንሽላሊት ይገድላሉ፤ እኔም ድምፄን አወፍሬ «ምድር ተንቀጠቀጠች» እላለሁ።

ሳቁም ተለካ። ለአንድ ሜትር አውሬ አንድ ጣት ሳቅ ተፈቀደ። ተጫዋች ሲስቅ ክንዴ ብድግ ብሎ ከንፈሩ የተከፈተበትን በጣቱ ይለካል። እንሽላሊቱ አርባ ሳንቲም ስለሆነ የአውራው ገበታ ላይ ለመሳቅ የሚፈቀደው ከግማሽ ጣት በታች ነው፤ ይህም ሰው ጥርሱን ሲያመው የሚያሳየው ፊት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ወድጄው ነበር። የሰው እጅ ማየት ተውኩ። ክንዴ የሚሰጠኝን ወረቀት አነባለሁ፤ ጀግና ሲሞት ሰው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሜትሩ ያያል። በዓመቱ መጨረሻ ከዘጠኝ መቶ ጀግና የተረፈው አርባ አንድ ነበር፤ አብዛኞቹ ጥሩ አድርገው የሚጎነብሱ ሰዎች። ከአርባ አንዱ አንዷ እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። እሳቸው ቀድሞም አጭር ስለሆኑ መጎንበስ አላስፈለጋቸውም። ጀግናቸው አባ ገመድ የሚባል በቅሎ ነጂ ነው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም አውሬ አልገደለም። አውሬ ሲመጣ እትዬ ደብሪቱ ጀግናቸውን ጠጋ ያደርጉና «ምን ያምሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። የሙያ ነገር ሆኖባቸው ነው። የሚገርመው፣ አውሬዎቼ ሁሉ የሚያማቸው ነገር ነበራቸው።

እንግዲህ የልክ መሥሪያ ቤቱ ሰፋ። የዘጠኝ መቶ ሰው ቁመትና ወገብ በየወሩ ስለሚለካ ወረቀቱ ክንዴ ቤት ሞልቶ ልብስ ስፌቱን አስቆመው። ሌላ ቤት ይሰጠው ተባለ። ጸሐፊው እንግዳሸት ከወንዙ አጠገብ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት መረጠ፤ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃም ቅርቡ ነው። ቤቱ የእትዬ ደብሪቱ ማዋለጃ ነበር። ነገሩ ቅዳሜ በጉባኤ እንዲጸድቅ ተያዘ። በከተማዋ ሥርዓት የመናገር መብት ያለው አንድ ሰው «እምቢ» ካለ ጉዳዩ ሦስት ዓመት ይተኛል። አርባው ጎንባሾች እምቢ እንደማይሉ የታወቀ ነው። እትዬ ደብሪቱ ግን እምቢ እንደሚሉ ገበያ መሃል ቆመው፣ ሽንኩርት እየመረጡ ተናገሩ።

አውራ ዳኘው አስጠሩኝ። በሩ ተዘጋ። «ሴትዮዋን ልኳን አሳያት» አሉኝ።

ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ለሰፊ ከተነገረ ቀሚስ ይሰፋበታል፤ ለጉልበተኛ ከተነገረ ጥርስ ይረግፍበታል። የትኛው እንደሆነ ገብቶኛል። ያልገባኝ ለመምሰል በጽሑፍ ይሰጠኝ አልኩ፤ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። እሳቸውም ክንዴን ጠርተው እትዬ ደብሪቱን አስለኩ። አንድ ሜትር ከአርባ ስድስት። በልካቸው የሚቀርበው አንድ ሙክት ፍየል ነው፤ አባ ገመድ ደግሞ ከፍየል ጋር ከተወያየ አብረው ነው የሚሄዱት። አውራው ሜትሩን ሳብ አድርግ አሉት። ክንዴ ፊቱ ተለዋወጠ። እጄን ቁረጡኝ እንጂ ሜትር አልስብም አለ። ሌላ የምለካው አካል ካላቸው ይነገረኝና እለካለሁ አለ።

መፍትሔ ያገኘው ጸሐፊው ነው። እትዬ ደብሪቱ በከተማዋ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያዋለዱትን ሁሉ «ልጆቼ» እንደሚሉ አስታወሰ። ልጆቻቸው ከሆኑ አካላቸው ናቸው፤ አካላቸው ከሆኑ ልካቸው ናቸው። ተጻፈ፦ «የወይዘሮ ደብሪቱ ልክ ማለት እርሳቸውና በእጃቸው የተወለዱ ሁሉ ናቸው።» ማኅተም ተመታበት። ክንዴ ሦስት ቀን ሙሉ እንደገና ሲለካ ሰነበተና ደመረው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሜትር። አውሬው ይህን ያህል ርዝመት ይኖረዋል፤ ዓርብ ከሰዓት ይቀርባል።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ማዋለጃው ወረድኩ። እትዬ ደብሪቱ የታጠበ ጨርቅ አጥር ላይ እያሰጡ ነበር። የመጣሁበትን ለመናገር ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ወንዙ ሙላት፣ ስለ አጥሩም ጭምር ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ነገ አመመኝ ብለው ቢቀሩስ?» አልኳቸው በመጨረሻ። «ያልተጫወተ ቅዳሜ አይናገርም፤ ጀግናዎ ግን ይተርፋል።»

«ቤቱስ?»

አጥሩን መልሼ አየሁ።

«ያማጠች ሴት የት ትሂድ? ክንዴ ጠረጴዛ ላይ ትጋደም፣ በመቀስና በክር መሃል?» ጨርቁን አራገፉት። «አውሬውን የምትሆነው አንተ ነህ አይደለም?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንተ ምን ያስፈራሃል? መፍራት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

እየሳቁ ነው የተናገሩት። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ከዓመት ወዲህ ምሳ ያለፈኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ገበታው አደባባይ ላይ ተዘረጋ። የተወለደ ሁሉ መጣ ማለት ይቻላል፤ ሰው ምን ሊሆን ነው ብሎ የሚሰበሰብበት ነገር ሁልጊዜ ክፉ ነገር ነው። አውራ ዳኘው ከፊት ተቀመጡ። ክንዴ ሜትሩን፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዘው ከጎናቸው ቆሙ። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ከወረቀቱ አነበብኩ። አውሬው ጭንቅላቱ ከአባ ገመድ እግር ሥር ነው፣ ጭራው ከወንዙ ማዶ ነው፣ መካከሉን ማንም አይቶ አልጨረሰውም።

«አባ ገመድ ጠጋ ይላል» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ምን ያምሃል ይለዋል።»

መልሱን ከወረቀቱ ፈለግኩ። አልተጻፈም። ቀና አልኩ፤ ከዓመት በኋላ የሰው እጅ አየሁ። እጃቸው ዕጣዋን ይዞ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያረጀ እጅ ነው፣ ሕፃን ሲቀበል ግን ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ይህን ከተማው ሁሉ ይመሰክራል። ፈርተዋል። ሐሙስ ዕለት የሳቁልኝ እኔን ላለማስጨነቅ ነበር። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም። በድሮው ሙያዬ ቢሆን አውሬው እዚያው ማንከስ ነበረበት፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ግን በየትኛው እግሩ ያነክሳል? ወረቀቱን መልሼ አነበብኩ፣ ከላይ እስከ ማኅተሙ። ከዚያ ከበርጩማዬ ተነሳሁ።

«እንግዳሸት፣ ይህ ወረቀት ልክ ነው?» አልኩት።

«ማኅተም አለው» አለ።

«በእጃቸው የተወለዱ ሁሉ ልካቸው ናቸው ይላል። እኔም በእጃቸው ነው የተወለድኩት።»

ክንዴ ደብተሩን ገለጠ። «አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት» አለ። «ረቡዕ ከሰዓት። ተደምሯል።»

ሰው በራሱ ላይ አውሬ አይሆንም፣ የአባቶች ሥርዓት ነው አልኩና ሄጄ ከእትዬ ደብሪቱ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ለመናገር ቀላል ነው፤ አግዳሚው ጋ እስክደርስ ሁለቴ ወደ በርጩማዬ ዞሬ አይቻለሁ። ሌላ አጫዋች ይፈለግ ተባለ። ጸሐፊው ራሱ በእትዬ ደብሪቱ እጅ የተወለደ ነው። ክንዴም ነው፤ የራሱን ቁመት በሐቅ ደምሯል። እትዬ ደብሪቱ ማዋለድ ሳይጀምሩ የተወለዱ አራት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የአራቱም ጆሮ በዚያች ቅጽበት ደከመ። ከአደባባዩ ሰው ሁሉ ከልኩ ውጭ የቀሩት ከሌላ አገር የመጡት አውራ ዳኘው ብቻ ሆኑ። በርጩማው ትንሽ ነው፤ እንደምንም ተቀመጡበት።

እትዬ ደብሪቱ ጥያቄውን ደገሙት። «ምን ያምሃል?»

አውራ ዳኘው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው ወደ መዝገቡ ዞረ። በመጨረሻ አውራው «ምንም አያመኝም» አሉ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቦታ ይዘህ ምን ያጋድምሃል?»

«ተመችቶኝ ነው።»

«ጭራህስ የት ነው ያለው?»

አውራ ዳኘው ዘወር ብለው ከኋላቸው ተመለከቱ።

መጀመሪያ የሳቀችው ድንኳ ሴትዮ ናት። ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሳቀ አይለይም፤ ሰው በጎበጠ ጀርባ እንደ ልቡ መሳቅ ስለማይችል አንድ በአንድ እየተቃና ሳቀ። ጸሐፊው ልክ ታለፈ ብሎ ጮኸ። ክንዴ በጣቱ ሲያሰላ ቆየና፣ ለአንድ ሜትር አውሬ አንድ ጣት ከሆነ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ጣት ሳቅ ተፈቅዷል፣ ገና ብዙ ይቀራቸዋል አለ። ቀልዱን አልነበረም። ክንዴ ቀልድ አያውቅም።

ሳቁ ሳይበርድ አንድ ሰው ከወንዙ በኩል እየሮጠ መጣ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፣ የመጀመሪያዋ ነው። እትዬ ደብሪቱ ዕጣዋን ገበታው ላይ አስቀመጡ። እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ። «ጨዋታው ይቆየን» አሉና ሄዱ። ዕጣ ስላልተጣለ የሞተም የቆሰለም የለም፤ ጸሐፊው «አውሬው በመጠበቅ ላይ ነው» ብሎ መዘገበ። አውራ ዳኘው ከበርጩማው ለመነሳት የሁለት ሰው እርዳታ አስፈለጋቸው።

የመጀመሪያ ምጥ ረጅም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጉባኤው ሲከፈት እትዬ ደብሪቱ ገና ማዋለጃው ውስጥ ነበሩ። አውራ ዳኘው ይህን አውቀው አጀንዳውን ወደ መጀመሪያ አመጡት። ጸሐፊው ቤቱ ለልክ መሥሪያ ቤት ይሰጥ የሚለውን አነበበና እምቢ የሚል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። በሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል።

አንዴ ተጠየቀ። አዳራሹ ውስጥ ከስድስት መቶ ሰው በላይ ነበር፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በወረቀቱ መሠረት የእትዬ ደብሪቱ ልክ ነው። ልካቸው ከሆነ ቃላቸውም ነው፤ ይህን ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሁሉም አስቦታል። ሁሉም ጎን ጎኑን እያየ ነው። ሁለተኛ ተጠየቀ። መምህር ጌጤነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጠርገው ዋጡት። ትናንት እንዲያ የሳቀ ሕዝብ ነው። ለካ ሳቅ በጅምላ ይወጣል፤ እምቢ ግን ከአንድ ሰው አፍ መጀመር አለበት። እኔም እንደ ሌላው ሌላ ሰው ስጠብቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምላሱ ይዝጋል። ልቤ ይመታል፤ ይኼኛውን ብታላሉትም ብታጠብቁትም ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሦስተኛ ተጠየቀ።

«እምቢ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ስላለ ሁሉም ጋ ደረሰ። አውራ ዳኘው ከፊት ሆነው አላዩኝም። ተነስተው በቁጣ ጠየቁ።

«ማን ደፍሮ?»

«አቤት!» አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ላሾፍ ብዬ አይደለም። ስሜ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ማንደፍሮ ነው፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ሁሉም አጫዋቹ እያለ ሲጠራኝ ስሜን የጠራኝ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጉባኤ መሃል፣ ያውም በአውራው አፍ ሲጠራ ሰው ምን ይላል? አቤት ነው የሚለው። ጸሐፊው ደንግጦ መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ እምቢ ያለው ማን ነው? ማንደፍሮ። በማን ቃል? በወይዘሮ ደብሪቱ ልክ። ማኅተሙም የአውራው የራሳቸው ነው። ነገሩ ሦስት ዓመት ተኛ።

በርጩማዬን በዚያው ዕለት ወሰዱብኝ። ለአውሬ የተናገረ አፍ ለሰው ተናግሯልና ከእንግዲህ አጫዋች አይደለህም ተባልኩ። እውነቴን ነው፣ ቅር አላለኝም። ወደ ወንዙ ወረድኩ። ማዋለጃው በር ላይ ስደርስ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን እያደረቁ ወጡ፤ ዓይናቸው በድካም ጠቧል። ሴት ልጅ ናት አሉኝ። ከዚያ ወደ አዳራሹ አቅጣጫ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ማን ተናገረ?»

«እኔ» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ስትወለድም እንዲሁ ነበርክ» አሉ። «ዘገየህ፣ ዘገየህ፣ እናትህን ልትጨርሳት ነበር። ስትወጣ ግን ጩኸትህ ወንዝ ማዶ ተሰማ።»

ባልዲውን አቀበሉኝ፤ ለእናትየዋ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።